ክብደት ለመቀነስ የሳምንቱን ምግብ ማቀድ፦ ከዘይት ጀሪካኑ ጀምሩ

አራት ሰው ባለበት ቤት ባለ 5 ሊትር ዘይት ስንት ቀን ይቆያል? ወጪ ሳይጨምር ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን ይወቅ። ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት። በ30 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 42 ሚሊ ሊትር ዘይት በልቷል ማለት ነው፤ ይህም 340 ካሎሪ አካባቢ ነው። 50 ቀን ከቆየ ግን የአንድ ሰው ድርሻ በቀን 25 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 5 የሻይ ማንኪያ፣ በካሎሪ 205 ገደማ ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ይህ ልዩነት ብቻውን በወር ከግማሽ ኪሎ በላይ ያወርዳል። በዓመት 12 ጀሪካን ይገዛ የነበረው ቤትም ወደ 7 ይወርድለታል።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ዳር ባሉት የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬ ወይም የቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች የሚኖር ሰው ለመክሳት ብሎ የወይራ ዘይትና የታሸገ የውጭ እህል ፍለጋ ሱፐርማርኬት መግባት የለበትም። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ እንጀራው ይበቃል። የሚቀየረው ልካቸው ነው።

ልኩን ለመጠበቅ ከጀሪካኑ ቀጥታ ወደ ድስት ማንቆርቆር ይቅር። እሑድ ማታ በባለ 1 ሊትር ሃይላንድ 700 ሚሊ ሊትር ዘይት ቅዱና ጀሪካኑን ከእጅ አርቁት። የአራት ሰው የሳምንት ዘይት ይኸው ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው 175 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ሐሙስ ላይ ካለቀ የትኛው ምግብ እንደጨረሰው ለማወቅ አያስቸግርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የጠዋቱ ፍርፍርና የእንቁላሉ ጥብስ ናቸው። ትንንሽ ልጆች ግን የትልቅ ሰው ቅነሳ አይመለከታቸውም። የእነሱን ወጥ ለብቻ ከቀዳችሁ በኋላ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩላቸው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ተቀምጣ የምትሠራ ሴት በቀን 1,500 ካሎሪ አካባቢ፣ ወንድ ደግሞ 1,850 አካባቢ ቢበሉ ብዙዎቹ በሳምንት እስከ ግማሽ ኪሎ ይቀንሳሉ። ያለ ሐኪም ክትትል ከ1,200 በታች መውረድ ጥሩ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ሳምንትም ሰው ተርቦ ይተወዋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህ ዕቅድ አይሆናቸውም። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡን ቢቀንስ የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ እሱም፣ የኩላሊት ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

እንጀራን በዓይን መገመት ያሳስታል። 60 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ እንደ ውፍረቱ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝናል፤ 350 ግራም የሆነው 500 ካሎሪ አካባቢ ነው። አምስት እንጀራ በፌስታል አድርጋችሁ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ለአምስት አካፍሉት፣ የቤታችሁን ልክ ታውቃላችሁ። ቀይ ጤፍ ያከሳል የሚባለው ልክ አይደለም፣ ካሎሪው ከነጩ ጋር ተቀራራቢ ነው። ቀዩን ወይም ሰርገኛውን የምመርጠው ዋጋው ስለሚሻል ነው። ገብስ ወይም በቆሎ መቀላቀልም እንዲሁ ኪስን እንጂ ወገብን አይነካም።

የቀኑ ድርሻ አንድ ሙሉ እንጀራ ነው፤ ግማሹ ለምሳ፣ ግማሹ ለእራት። ግማሽ እንጀራ የሚተካው በ300 ግራም ድንች (ሦስት መካከለኛ ድንች)፣ ወይም 100 ግራም በሚመዝን ዳቦ፣ ወይም በ70 ግራም ደረቅ ፓስታ፣ መኮሮኒ ወይም ሩዝ ነው። መተካት ማለት ደግሞ አንዱ ሲገባ አንዱ ይውጣ ማለት ነው። ፓስታ በእንጀራ፣ ሩዝ በእንጀራ፣ ድንች ወጥ በእንጀራ እየበላን «ሥጋ እንኳን አልበላሁም፣ ከየት መጣ ይሄ ሁሉ?» የምንለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ገበያው እንሂድ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ብር መጻፍ ዋጋ የለውም፤ የሚጠቅመው ፕሮቲኑን በዋጋ ማወዳደር ነው፣ ምክንያቱም ቶሎ እንዳንራብ የሚያደርገን እሱና አሰር ያለው ምግብ ነው። አንድ ኪሎ ምስር 240 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ባቄላ 260፣ ሽምብራም ሽሮም 200 ገደማ። 30 እንቁላል 180 ግራም፣ አንድ ኪሎ አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ 200 ግራም፣ አንድ ሊትር ወተት 32 ግራም። የዛሬውን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች አካፍሉት፣ ጥራጥሬው እንደሚያሸንፍ በአንድ ደቂቃ ታዩታላችሁ። በእኛ አቅጣጫ ደግሞ የአድአ ጤፍና የጨፌ ዶንሳ ምስርና ሽምብራ ሩቅ አይደሉም። እሑድ ገበያ ላይ ጥራጥሬውን በኪሎ ግዙ፤ ዘይትና ስኳር በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ካለ ከዚያ ይሻላል። ጉሊት ለሽንኩርትና ለቃሪያ እንጂ ለሳምንት አስቤዛ አይሆንም፣ በመደብ የሚሸጥ ነገር በኪሎ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ከላይ ትልልቁ ተደርድሮ ከሥር ያለው ጥቃቅን መሆኑንም አትርሱ።

ለአንድ ሰው ለሳምንት፦ ግማሽ ኪሎ ምስርና አተር ክክ፣ 300 ግራም ያህል ሽሮ፣ 6 እንቁላል፣ ሩብ ኪሎ ቅንጬ፣ ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ቅጠላ ቅጠልና አትክልት፣ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ 4 ሙዝ፣ ሩብ ኪሎ የገብስ ቆሎ። ለቤተሰብ በሰው ቁጥር አባዙት።

አትክልቱን በሚበላሽበት ቅደም ተከተል ጨርሱት። ቆስጣ በሁለት ቀን ይጠወልጋል፣ ጎመን እስከ አራት ቀን ይሄዳል፣ ካሮትና ቀይ ሥር ሳምንቱን ይዘልቃሉ፣ ጥቅል ጎመን ካልተቆረጠ ሁለት ሳምንትም ይቆያል። ስለዚህ የሳምንቱ መጀመሪያ የቅጠል፣ መጨረሻው የጥቅል ጎመንና የካሮት ይሁን። ቲማቲሙ ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ገና ጠንከር ያለ ይሁን። ጎመንን ሳታጥቡ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ታጥቦ የተቀመጠ ቶሎ ይበሰብሳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ቅጠል የሚሠራበት ቀን ከውኃው ቀን ጋር ይግጠም፣ በጀሪካን ውኃ ጎመን እየቆጠቡ ማጠብ አፈሩን አያስለቅቅም። በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ ቅጠል ወደ ገበያችን ስለሚገባም ቅጠልን በጥሬው አልመክርም። ጥሬ የምትበሉት ሊላጥ የሚችለውን፣ ወይም ደህና አድርጋችሁ ያጠባችሁትን ቲማቲምና ቃሪያ ይሁን።

አሁን ድስቱ ጋ ደርሰናል፤ የዕቅዱ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው። ወጥ ዘይት የሚበዛበት ሽንኩርቱ ስለሚፈልግ አይደለም፣ እሳቱ ስለሚበዛ ነው። ለአራት ሰው ለሁለት ቀን ምሳ የሚሆን የምስር ወጥ እንዲህ ይሠራል። ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በጣም አድቅቃችሁ ክተፉ። ወፈር ያለ ድስት በለዘብተኛ እሳት ጣዱ፣ ሽንኩርቱን ያለ ምንም ዘይት ጨምሩና እያማሰላችሁ 15 ደቂቃ አቁላሉት። መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጉበት፣ እንደገና ሲደርቅ እንደገና። ሽንኩርቱ ሟሙቶ ወርቃማ ሲሆን 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከግማሽ ሲኒ ውኃ ጋር ጨምሩ፤ ይህም 10 ደቂቃ ይቁላላ። ዘይቱ የሚገባው አሁን ነው፦ 16 የሻይ ማንኪያ ወይም 80 ሚሊ ሊትር፣ ለአንድ ሰው በአንድ ምሳ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ይከተላል። ከዚያ ታጥቦ የተንጠፈጠፈ 400 ግራም የምስር ክክ ከ1 ሊትር ተኩል ሙቅ ውኃ ጋር ገብቶ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ጨው በመጨረሻ።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። እሳቱ ሲበረታ ሽንኩርቱ ሳይሟሟ ያርና ምሬት ይመጣል፣ ምሬቱን ለመሸፈን ዘይት ይጨመራል። ሽንኩርቱ በትልልቁ ከተከተፈ ወጡ አይያያዝም፣ ውኃና ምስር ለየብቻ ይሆናሉ፣ እንዲያያዝ ተብሎ አሁንም ዘይት። በርበሬው ያለ ውኃ ደረቅ ድስት ላይ ካረፈ በሰከንዶች ውስጥ ያርራል። ስስ ድስት ደግሞ ምንም ብትጠነቀቁ ይይዛል። «ዘይት ሲቀንስ ወጥ አይጥምም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቁሌቱን የቸኮሉ ናቸው።

ሽሮ ፈጣን ስለሆነ ለእራት ይሁን፣ በየዕለቱ ይሠራል። ለአንድ ሰው 40 ግራም፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ሞላ ሞላ ያለ ሽሮ በሩብ ሊትር ውኃ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ወደተቁላላው ሽንኩርትና ቲማቲም ጨምሩት፣ በሙቅ ውኃ ከተበጠበጠ ይጓጉላል። አንዷን የሻይ ማንኪያ ዘይት ከመውረዱ በፊት ጨምሩ፤ መዓዛዋ ላይ ላዩን ስለሚቀር ከብዛቷ በላይ ትታወቃለች። ተጋቢኖ ዱቄት ስለሚበዛበት ለእንግዳ ቀን ይቆይ።

ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ የማይበስሉት ጥራጥሬው መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምንኖር ውኃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ሱሉልታና እንጦጦ ጥግ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውኃውን ቀይሩ፣ ፕሬሸር ካለ በእሱ ቀቅሉ። ቲማቲምም ሎሚም እስኪለሰልስ ድረስ አይግባ፣ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬውን ያደነድነዋል። ይህን ያልጠበቀ ሰው በጥራጥሬው ያተረፈውን በከሰል ይከፍለዋል።

ሳምንቱን በሁለት ትልቅ ማብሰያ መያዝ ይቻላል። እሑድ ምስር ወጥ ይሠራል፣ የሰኞና የማክሰኞ ምሳ ነው። ረቡዕ ማታ አተር ክክ አልጫ በተመሳሳይ ልክ፣ የሐሙስና የዓርብ ምሳ። የረቡዕ ምሳ ምጥን ሽሮ ወይም የተቀቀለ ቦሎቄ በቲማቲም ነው። ከየምሳው ጋር አንድ እፍኝ ሳይሆን ግማሽ ሳህን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ወይም ካሮት ይኑር፤ 150 ግራም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጋር 85 ካሎሪ ብቻ ነው። ለቁርስ ሰኞና ሐሙስ 60 ግራም ቅንጬ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይትና አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ሁለት እንቁላል በቲማቲምና ቃሪያ ከግማሽ ዳቦ ጋር፤ ሁለቱም ከ315 እስከ 330 ካሎሪ ናቸው። እሑድ ፍርፍር አማራችሁ እንበል፦ ሩብ እንጀራ፣ ብዙ ቲማቲም፣ ለሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ቅዳሜ ምሳ ሩብ ኪሎ ቀይ ሥጋ ከግማሽ ኪሎ ካሮትና ፎሶሊያ ጋር ለአራት ሰው ይጠበስ፤ ሥጋው ጣዕም ይሰጣል፣ ሆድ የሚሞላው አትክልቱ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሙዝ ወይም ከ30 ግራም ቆሎ ጋር ከ1,500 እስከ 1,550 ካሎሪ ይመጣል። ወንዱ ግማሽ እንጀራና አንድ እንቁላል ይጨምርበት።

ወጡን ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፣ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ይግባ። ለየቀኑ በተለያየ ዕቃ ካልተከፈለ በየጊዜው በሚገባው ጭልፋ ቶሎ ይኮመጥጣል። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ወይም ፍሪጅ ከሌለ የሁለት ቀን ወጥ አትሥሩ፣ ቁሌቱን አብዝታችሁ አቁላሉና ጥራጥሬውን በየቀኑ ጨምሩ። ቁሌቱንም ማታ ማታ አፍሉት፣ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ።

ከከተማ ዳር ወደ መገናኛ ወይም ወደ ሜክሲኮ የሚመላለስ ሰው ጣጣው ሌላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት ይመለሳል፣ በዚህ መሀል የታክሲ ሰልፉ ጎን ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ይጠብቁታል። አንድ ቦምቦሊኖ 250 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ የግማሽ እንጀራ ያህል፤ ረሃቡን ግን ለአንድ ሰዓት እንኳን አይዝም። ምሳ ዕቃ የማይቀር ነገር ነው። የሆቴል በየዓይነቱ ጤናማ ይመስላል፣ ግን ከሥሩ አንድ ሙሉ እንጀራ፣ ከላዩ ስድስት ዓይነት ዘይት የጠገበ ወጥ ስላለው 800 ካሎሪን በቀላሉ ያልፋል። ለ11 ሰዓቱ ረሃብ በኪስ 30 ግራም የገብስ ቆሎ ወይም አንድ ሲኒ የስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ያዙ። ቆሎው ለውዝና ሱፍ የሌለበት ይሁን፣ ለውዝ በግራም ከገብስ አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ካሎሪ አለው። ይህችን ሳይቀምስ ቤት የገባ ሰው እራቱ እስኪቀርብ ቆሞ ግማሽ እንጀራ ይጨርሳል።

ጾም ላይ የሚወፍር ሰው ብዙ ነው። ቅቤና ሥጋው ሲቀር ዘይቱ በእጥፍ ይገባል፣ እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሆድ ደግሞ ልክ አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴውም 55 ቀን ቢሆን፣ የሃይላንዱ ዘይት ልክ አይለወጥም። የሚጾም ሰው መጀመሪያ ውኃና አንድ ሙዝ ይውሰድ፣ አሥር ደቂቃ ይቆይና ምሳውን ይቁረስ። የቀረው የቁርሱ ድርሻ ወደ ማታ ይዛወራል፦ 50 ግራም በሶ በውኃ በጥብጦ መጠጣት 180 ካሎሪ ነው፣ ያጠግባል። ሱፍ ፍትፍትና ተልባ በዘይታቸው የከበዱ ናቸው፣ በማንኪያ እንጂ በብርጭቆ አይለኩ። እንቁላል በጾም ወራት ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ የማይጾም ቤት ይጠቀምበት።

ከአንድ ትሪ መብላት ደስ ይላል፣ ግን ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ግማሽ እንጀራችሁን ከመጀመሪያው ጠቅልላችሁ ከፊታችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ከመሀል ይምጣ። ያ ሲያልቅ አለቀ። ከትሪው ሥር ያለው ወጥ የጠጣ እንጀራ ትልቁ ወጥመድ ነው፣ ዘይቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ጉርሻን እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ አማት «አፈር ስሆን» ብላ እጇን ስትዘረጋ ካሎሪ የሚቆጥር ሰው የለም። ተቀበሉ፣ ሁለት ጉርሻ ከእንጀራችሁ ላይ አንሱለት። ቡና ላይም እንዲሁ፣ የቡና ቁርሱ ዳቦ ከሆነ ከእራት ዳቦና እንጀራ ይቀነሳል፤ ያለ ዘይትና ያለ ስኳር የፈነዳ አንድ ሰሃን ፈንዲሻ ግን ቀላል ነው።

ስኳር ሌላው የተደበቀ ነገር ነው። በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት የሻይ ማንኪያ 200 ካሎሪ ያህል ነው፣ ከቀኑ ዘይት ጋር እኩል መሆኑ ነው። በአንዴ መተው ካቃተ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፣ ምላስ ሳያውቀው ይለምዳል። ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ሽፈራው ስብ አያቃጥሉም። ማር የገባበት ሎሚ ደግሞ በየሾርባ ማንኪያው 60 ካሎሪ ይጨምራል፣ ያውም በባዶ ሆድ ለጨጓራ ታማሚ አይስማማም።

ክብደት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን ይለካ። የመንገድ ዳር ሚዛኖች እርስ በርስ አይስማሙም፤ ከአንዱ ጋር ከጀመራችሁ ከእሱ ጋር ጨርሱ። የበዓል ማግሥት አትመዘኑ፣ በጨውና በብዙ እንጀራ ምክንያት ሰውነት የሚይዘው ውኃ ብቻ አንድ ሁለት ኪሎ ሊያሳይ ይችላል፣ በሳምንት ውስጥ ይወርዳል። ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ቁጥሩ ካልተነቃነቀ እንጀራውን እንደገና ሱቅ ወስዳችሁ መዝኑት፤ አብሲቱ ወፍሮ ወይም ጋጋሪዋ ተቀይራ ግማሽ የምትሉት እንጀራ 250 ግራም ደርሶ ይሆናል። እሱ ልክ ከሆነ ከእራቱ ሩብ እንጀራ ቀንሱና ቦታውን በጎመን ሙሉት።